ሒሳቡ ገጥሟል

የመጀመሪያው ደንበኛዬ አሜሪካዊ ነበር። ክሪስ ክላርክ ይባላል። ኖቬምበር 1 ቀን ኔትሶሉሽንስ ላለው ድርጅቱ 25,000 ዶላር ባንክ አስገባ፤ ሳምንት ሳይሞላው በ20,000 ዶላር መሬት ገዛ፤ ቀጥሎ የ1,350 ዶላር አላቂ ዕቃ በዱቤ ወሰደ። ክሪስ በዋረን፣ በሪቭና በፌስ የአካውንቲንግ መግቢያ መጽሐፍ ውስጥ ለማስተማሪያ የተፈጠረ ነጋዴ ነው። በ1996 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ግቢ የገባን የቢዝነስ ተማሪዎች ግን አንድ ዶርም የደረሱንን ልጆች ስም በቅጡ ሳንይዝ የእሱን ሀብትና ዕዳ በቃላችን እናውቅ ነበር። ካፌ ተሰልፈን እንጀራ እስኪደርሰን ድረስ እንኳ «ክሪስ መሬቱን ባይገዛ ኖሮ ካሹ ስንት ይሆን ነበር?» እየተባባልን እንፈታተን ነበር።

አካውንቲንግ ያኔ ተፈላጊ ዲፓርትመንት ነው። ጋዜጣ በተገለጠ ቁጥር «በአካውንቲንግ የተመረቀ/ች» የሚል የቅጥር ማስታወቂያ ስለማይጠፋ፣ ዲፓርትመንት ሲሞላ ጥሩ ውጤት ያለው ሁሉ ወደዚያው ይጎርፋል። ቤተሰብም ደስ ይለዋል። አክስቴ አካውንቲንግ እንደደረሰኝ በስልክ ስነግራት ገና ሳልጨርስ «እሰይ! ባንክ ልትገባ ነዋ!» ብላ እልል አለች። ባንክ የሚገባውም ሆነ የማይገባው ሁሉ መጀመሪያ ማለፍ ያለበት ግን በዴቢትና በክሬዲት በኩል ነበር።

መጻሕፍቱ ወፍራምና ውድ ስለነበሩ ኦሪጅናል የያዘ ተማሪ ብርቅ ነው። ምዕራፍ በምዕራፍ ኮፒ እናደርጋለን። ኮፒ ቤቶቹ የእኛን ኮርስ ከእኛ በላይ ያውቁታል፤ «ኢንተርሚዲየት ነው? የካሹን ነው የኢንቬንተሪውን?» ይሉና ተጠርዞ የተዘጋጀውን ከመደርደሪያ ያወርዳሉ። የኮፒ ኮፒ ስለሆነ 3 እና 8 የማይለይበት ገጽ ሞልቷል። ኬኔዲ ላይብረሪ መቀመጫ ለማግኘት በማለዳ የሚነሳው ልጅ ታዲያ ዋና ሥራው ማጥናት ብቻ አልነበረም፤ ከኦሪጅናሉ መጽሐፍ ጋር እያስተያየ የተበላሹትን ቁጥሮች ያርምና ማታ ለዶርሙ ሁሉ ያስኮርጃል።

የመጀመሪያውን ዓመት የማስታውሰው በዎርክ ሺቱ ነው። አሥር ዓምድ አለው፤ ትራያል ባላንስ፣ ማስተካከያ፣ የተስተካከለው ትራያል ባላንስ፣ የትርፍና ኪሣራ መግለጫ፣ ባላንስ ሺት፤ እያንዳንዳቸው ዴቢትና ክሬዲት። ሁለት የደብተር ወረቀት በፕላስተር ተያይዞ፣ በማስመሪያ ተሰምሮ፣ በእርሳስ ተሞልቶ አልጋ ላይ ይዘረጋል። መብራት እስኪጠፋ ይደመራል። እስከ ሌሊቱ እኩሌታ ለፍቶ ግራና ቀኙ እኩል ያልሆነለት ልጅ ፊቱ ለቅሶ ቤት ውሎ የመጣ ይመስላል።

አንድ ሌሊት ከደብረ ማርቆስ የመጣው የዶርም ጓደኛችን ሒሳቡ በ180 ተዛንፎ አልገጥም አለው። ሦስት ጊዜ ደምሮ ያው 180 ነው። ከላይኛው አልጋ አንድ ሲኒየር አንገቱን ዘለቅ አድርጎ፣

«ለ9 ይካፈላል?» አለው።

«ይካፈላል። 20 ነው።»

«እንግዲያው ቁጥር ተገልብጦብሃል። የአላቂ ዕቃውን እየው።»

አየው። 1,350 መሆን ያለበት 1,530 ተብሎ ተጽፏል። ሁለት አጎራባች አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ሁልጊዜ ለ9 እኩል ይካፈላል። ለ9 እንቢ ካለ ደግሞ ልዩነቱን ለ2 አካፍሎ ውጤቱን የሚያህል ቁጥር ፍለጋ መሄድ ነው፤ ከተገኘ ዴቢት መሆን ሲገባው ክሬዲት ውስጥ የገባው እሱ ነው። እነዚህ ዘዴዎች በክላስ ከተማርነው ይልቅ ከአልጋ ወደ አልጋ የወረስናቸው ናቸው። ሒሳቡ የገጠመ ዕለት እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ኮሪደሩን የሚዞር ልጅ አይጠፋም፤ በዚያ ሰዓት ከእሱ በላይ ንጉሥ የለም።

መምህራችን ግን ይህን ደስታችንን አይወደውም ነበር። «ገጠመ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ትክክል ነው ማለት ነዋ» እንላለን። ይስቅና ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይዘረዝርልናል። ጭራሽ ያልተመዘገበ ደረሰኝ ትራያል ባላንሱን አያዛባውም። ሁለቴ የተመዘገበ ደረሰኝም አያዛባውም። የመኪና ጥገና ወጪ መሆን ሲገባው የመኪና መግዣ ሆኖ የገባ ክፍያም እንዲሁ። «ትራያል ባላንስ የሚነግራችሁ ደምራችሁ እንዳልተሳሳታችሁ ብቻ ነው። ስለ ድርጅቱ ምንም አልነገራችሁም» ይለናል። እኛም ይህን «ትራያል ባላንስ የማያወጣቸው ስህተቶች» በሚል ርዕስ ደብተራችን ላይ እንጽፈውና፣ ለፈተና እንቸክለውና፣ እንረሳዋለን።

የተማርነው ሁሉ ከአሜሪካ የመጣ በመሆኑ አንዳንዱ ነገር ያስቀን ነበር። ዓመቱ የሚዘጋው ዲሴምበር 31 ነው፤ የአገራችን የበጀት ዓመት ግን ሰኔ 30 ይዘጋል። የተስፋ ሰነድ መክፈያ ቀን ስናሰላ ማርች 16 የተፈረመ የ90 ቀን ሰነድ መቼ ይደርሳል ተብሎ፣ ማርች ባለ 31 ነው፣ ኤፕሪል ባለ 30 ነው፣ ሜይ ባለ 31 ነው እያልን በጣታችን መገጣጠሚያ ቆጥረን ጁን 14 እንላለን። አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ «በእኛ አቆጣጠር ቢሆንስ?» አለ። መምህሩ ጥቂት አሰበና «ጥቅምት 10 ከተፈረመ ጥር 10 ነዋ፤ ምን ያስቆጥርሃል?» አለው። ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ፣ ጳጉሜን መሐል ካልገባች በስተቀር፣ 90 ቀን ምንጊዜም ሦስት ወር ነው። ክላሱ በሳቅ ተሞላ። ፈተናው የመጣው ግን በማርች ነው።

ከአገር ቤት የነበረን የደመወዝ ግብር ስሌት ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286/1994 ገና ትኩስ ነበር። እስከ 150 ብር ነፃ፤ ከዚያ 10 በመቶ፣ 15፣ 20፣ 25፣ 30፤ ከ5,000 ብር በላይ 35። እያንዳንዱን እርከን ለየብቻ ከማስላት ይልቅ ጠቅላላውን ደመወዝ በመጨረሻው መጣኔ አባዝቶ ቋሚ ተቀናሽ ማንሳት ይቻላል፤ 15፣ 47.50፣ 117.50፣ 235፣ 412.50፣ 662.50። ይህን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃል የማይወጣ የአካውንቲንግ ተማሪ አልነበረም። የ1,200 ብር ደመወዝ ሲባል 180 ሲቀነስ 47.50፣ እኩል ይሆናል 132.50፤ ማንም ካልኩሌተር አያነሳም።

ስለ አጠራጣሪ ተሰብሳቢ ሒሳብ የተማርንበት ሰሞን ደግሞ ከአእምሮዬ አይጠፋም። መጽሐፉ ዕዳዎቹን በዕድሜያቸው ደልድሉ ይላል፤ እስከ 30 ቀን ያለፈው ይህን ያህል በመቶ ላይሰበሰብ ይችላል፣ እስከ 60 ቀን ያለፈው ይህን ያህል፣ ከ90 ቀን በላይ ያለፈው ከፍ ያለ። የደብረ ማርቆሱ ልጅ አባት ሱቅ አላቸው። ልጁ ለሴሚስተር ዕረፍት ወርዶ የአባቱን የዱቤ ደብተር በዕድሜ ሊደለድልላቸው ተቀመጠ። ከ90 ቀን በላይ የቆየውን ሁሉ በቀይ እያሰመረ «ይኼ አጠራጣሪ ነው አባባ» ሲላቸው ደብተሩን ነጠቁት አሉ።

«ይኼ ሰኔ ላይ አይከፍልም፤ ምን ኖሮት ይከፍላል? ጥር ላይ እህሉን ሲያስገባ እቤቴ ድረስ አምጥቶ ይከፍላል። ይኼኛው ግን ትናንት የወሰደው ቢሆንም አይከፍልም። ስሰጠውም እንደማይከፍል አውቄ ነው፤ ሚስቱ አራስ ናት።»

ጓደኛችን ይህን ዶርም ተመልሶ ሲያወራልን ለቀልድ ነበር። አባቱን «ጋሽ አልዋንስ» ብለን ስም አወጣንላቸው፤ ለማይሰበሰብ ዕዳ የሚያዘውን መጠባበቂያ አልዋንስ ነበር የምንለው። በእንዲህ ያለ ቀልድ ተሸፍኖ የተነገረን ቁም ነገር ምን ያህል እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

መጨረሻው ዓመት ላይ ኦዲቲንግ ወሰድን። የአሜሪካዎቹ ኩባንያዎች ኤንሮንና ወርልድኮም ከወደቁ ብዙ አልቆየም፤ የወርልድኮሙ ዋና ሥራ አስፈጻሚ በርናርድ ኤበርስ 25 ዓመት የተፈረደበት ገና ባለፈው ክረምት ነው። መምህሩ አንድ ቀን ሰላምታ ሳይሰጥ ገባና ሰሌዳው ላይ አንድ ምዝገባ ጻፈ። ዴቢት፣ ቋሚ ንብረት። ክሬዲት፣ የመስመር ወጪ። በሁለቱም አንጻር ያው ቁጥር፣ 3.8 ቢሊዮን ዶላር።

«ይገጥማል?» አለን።

«ይገጥማል!»

«ከዋሽንግተን እስከ አዲስ አበባ ማንም ቢደምረው ይገጥማል» አለና አስረዳን። ወርልድኮም ጥሪዎቹን በሌሎች ኩባንያዎች መስመር ለማስተላለፍ የሚከፍለው ኪራይ ነበረበት። የወሩ ወጪ ነው፤ ተከፍሎ ያልቃል። ያንን ወጪ ከትርፍና ኪሣራ መግለጫው አውጥተው ባላንስ ሺቱ ላይ ንብረት አደረጉት። ወጪ ሲቀንስ ትርፍ ይጨምራል፤ ንብረትም ይጨምራል። ዴቢትና ክሬዲት አልተዛባም። ጉዳዩን ያወጡት በሲንቲያ ኩፐር የሚመሩት የኩባንያው የራሱ የውስጥ ኦዲተሮች ናቸው፤ በሰኔ 1994 ዓ.ም. ኩባንያው ራሱ አመነ፤ በሚቀጥለው ወር የኪሣራ ጥበቃ ጠየቀ። የኤንሮንም የወርልድኮምም የውጭ ኦዲተር የነበረው አርተር አንደርሰን አብሮ ፈረሰ።

ያን ቀን ከክላስ ስንወጣ ያ የመጀመሪያው ዓመት ርዕስ፣ «ትራያል ባላንስ የማያወጣቸው ስህተቶች»፣ ትዝ ያለን ብዙ ነበርን። ያኔ የተነገረን ስለ ስንፍናና ስለ መዘንጋት መስሎን ነበር። ለካስ ሆን ተብሎም ሊደረግ ይችላል፤ ያውም የእኛን ትምህርት አሳምረው በተማሩ ሰዎች።

ተመርቄ የገባሁበት የመጀመሪያ መሥሪያ ቤት አስመጪ ድርጅት ነበር። እኔ ክሪስ ክላርክን ለማስተናገድ ተዘጋጅቼ ስገባ የጠበቀኝ ሌላ ዓለም ነው። የሒሳብ ክፍሉ የሚሠራው ለአንድ አንባቢ ብቻ ነው፤ ለግብር ሰብሳቢው። የእርጅና ተቀናሽ ስንት ይሁን ብሎ የሚከራከር የለም፤ የገቢ ግብር አዋጁ ሕንፃን 5 በመቶ፣ ኮምፒውተርን 25 በመቶ፣ ሌላውን ዕቃ ሁሉ 20 በመቶ ብሏል፤ አለቀ። 400,000 ብር የተገዛ ማሽን የመጀመሪያ ዓመት 80,000፣ ሁለተኛው ዓመት ከቀሪው 64,000 ይነሳለታል፤ ማሽኑ አራት ዓመት ያገልግል አሥራ አራት ዓመት የሚጠይቅ የለም። ዋናው ሒሳብ ሹም፣ ጋሼ እንላቸው ነበር፣ ስለ ጠቃሚ የአገልግሎት ዘመን የተማርኩትን ሳነሳባቸው በመነጽራቸው አናት አዩኝና «ልጄ፣ ገቢዎች የሚቀበለውን ጻፍ፤ ሌላውን ለማስተርስህ አስቀምጠው» አሉኝ።

እሳቸውን መውቀስ አይቻልም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነጋዴ መዝገብ ይያዝ፣ ባላንስ ሺት ያውጣ ይል ነበር፤ በየትኛው ስታንዳርድ እንደሆነ ግን አይናገርም ነበር። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሪፖርት ኢትዮጵያ በሕግ የጸና የሒሳብ ስታንዳርድ እንደሌላት ጽፏል። እያንዳንዱ ድርጅት «ተቀባይነት ባለው የሒሳብ አያያዝ መርሕ መሠረት» ብሎ ይጽፍ ነበር፤ ተቀባዩ ማን እንደሆነ አይጠየቅም። በገበያው ውስጥ ለባንክ ብድር አንድ፣ ለግብር አንድ፣ ለባለቤቱ አንድ መግለጫ የሚያወጣ ነጋዴ እንዳለ የማያውቅ የሒሳብ ባለሙያ አልነበረም። ሦስቱም ይገጥማሉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወጣ፤ የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቋመ፤ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ስታንዳርድ፣ አይኤፍአርኤስ የምንለው፣ ግዴታ ሆነ። ባንኮች የመጀመሪያውን ሙሉ መግለጫቸውን በዚህ ስታንዳርድ ያወጡት በሰኔ 2010 ዓ.ም. ለተዘጋው ዓመት ነው። እኛ ዲግሪ ያለን ሰዎች ማታ ማታ እንደ ፍሬሽማን ደብተር ይዘን ሥልጠና ገባን። ግቢ እያለን ያ ሁሉ እንቅልፍ ያጣንለት ላይፎ፣ መጨረሻ የገባውን ዕቃ መጀመሪያ እንደወጣ የሚቆጥረው ዘዴ፣ አይኤኤስ 2 በተባለው ስታንዳርድ ክልክል ሆኖ አገኘነው። ከኋላዬ የተቀመጠች የባች ጓደኛዬ «ኤፍ ልሆንበት ምንም ያልቀረኝ እኮ በእሱ ነው፤ ካሣ ይከፍሉኛል?» ብላ አሠልጣኙን ሳይቀር አሳቀችው።

ቀልዱን ትተን፣ ከባዱ ነገር አዲሶቹን ቁጥሮች ማወቅ አልነበረም። አሮጌው አሠራር ለሁሉ ነገር ከአዋጅ የተቀዳ መልስ ነበረው፤ አዲሱ መልሱን ከእኛ ይጠይቃል። ንብረቱ ስንት ዓመት ያገለግላል? ጉዳዩ ፍርድ ቤት ያለው ክስ ይፈረድብናል ወይስ አይፈረድብንም? ብድሩ ይመለሳል? አይኤፍአርኤስ 9 ሲመጣ ክፍያው ከ90 ቀን በላይ የዘገየ ተበዳሪ ዕዳውን መክፈል እንዳቃተው ይገመታል ይላል፤ ግን ይህን ግምት የሚያፈርስ በቂ ማስረጃ ያለው ተቋም ሌላ መለኪያ መያዝ ይችላል። አሠልጣኙ ይህን ሲያነብ የደብረ ማርቆሱ ጓደኛዬ አባት ፊቴ ድቅን አሉ። ሰኔ ላይ የማይከፍለውን ገበሬ ጨርሶ ከማይከፍለው ጎረቤት ለይተው የሚያውቁት ጋሽ አልዋንስ፣ እኛ በዶላር ከደለደልነው በመቶኛ ይልቅ ለስታንዳርዱ መንፈስ ይቀርቡ ነበር። የጎደላቸው ምክንያታቸውን በወረቀት ማስፈር ብቻ ነው።

አሁን በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችን እቀበላለሁ። ከእኛ ይልቅ ዕድለኞች ናቸው፤ ከመጀመሪያው የሚማሩት አይኤፍአርኤስን ነው፤ የመውጫ ፈተናም ስላለባቸው ስታንዳርዶቹን በቁጥራቸው ይጠሯቸዋል። ባለፈው ሰኔ ሒሳብ ስንዘጋ አንዷን ተለማማጅ የቋሚ ንብረት መዝገቡን እንድታመሳክር አዘዝኳት። ድምሩ ከለጀሩ ጋር ገጥሞላት ነበር። እሷ ግን መዝገቡን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ይኼ ጄኔሬተር በ1,200,000 ብር ነው የተገዛው፤ አሥር ዓመት ተብሎ በዓመት 120,000 ይነሳለታል። ሁለት ዓመት ቀርቶታል ይላል። ግን አሁን ጓሮ ሄጄ አየሁት፤ ደህና ነው እኮ።»

«ሒሳቡ ገጥሞልሽ የለም እንዴ?» አልኳት ልፈትናት ብዬ።

«ገጥሟል። ግን አይኤኤስ 16 የአገልግሎት ዘመኑን ቢያንስ በየዓመቱ መጨረሻ ገምግሙ ይላል። የገመገመ ሰው ፊርማ አላገኘሁም።»

የጥገና ኃላፊውን አስጠራናቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡና ሞተሩ መቼ እንደታደሰ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ መለዋወጫው እንደሚገኝ አስረዱን። ከዛሬ ጀምሮ ስድስት ዓመት ያገለግላል አሉ። ቀሪው 240,000 ብር ለስድስት ሲካፈል በዓመት 40,000 ሆነ። 120,000 ብለን ብንተወውም ዴቢትና ክሬዲቱ ይገጥም ነበር፤ የዓመቱ ትርፍ ግን በ80,000 ብር ይለያያል።

ልጅቷ ምክንያቱን በአንድ ገጽ ጻፈችው። ኃላፊው አንብበው «ሁለተኛው ዕድሳት ከተደረገ ነው ስድስት ዓመት የምልሽ፤ እሱንም ጨምሪው» አሏት። ጨመረችው። እሳቸው ፈረሙ፤ እኔ ከሥር ፈረምኩ። የውጭ ኦዲተሮቹ ሲመጡ ከዓመቱ ሰነድ ሁሉ መጀመሪያ የጠየቁን ያችን ገጽ ነበር፤ ስለ ድምሩ አንድም ነገር አልጠየቁንም።